ስሙ ሲቀየር አድራሻው የት ይሄዳል? የፕሮፋይል ስምና የዩዘርኔም ለውጥ

ለዓመታት የሥራ ማስታወቂያ ሲለጥፍ የኖረ የቴሌግራም ቻናል አንድ ጠዋት የክሪፕቶ ቻናል ሆኖ ይገኛል። የሙዚቃ ቅንጭብ ያጋራ የነበረ የፌስቡክ ገጽ በሳምንት ውስጥ የ«ሰበር ዜና» ገጽ ይሆናል። ከሥሩ የሚጻፈው አስተያየት ሁሌም ይመሳሰላል፤ አንዱ «ተጠልፏል» ይላል፣ ሌላው «ተሸጧል» ይላል፣ ብዙው ሰው ደግሞ ገጹን መቼ እንደተከተለው ማስታወስ ያቅተዋል። በሌላ ወገን ስማቸውን በቅንነት የቀየሩ ነጋዴዎችና የይዘት አዘጋጆች አሉ። የድሮ ሊንካቸውን የተጫነ ደንበኛ «ይህ ገጽ አልተገኘም» የሚል መልስ ያገኛል፤ ሲብስም ማንነቱ ወደማይታወቅ ሰው ገጽ ይገባል።

የሁለቱም ግራ መጋባት ምንጭ አንድ ነው። በአንድ አካውንት ላይ ያሉ ሦስት የተለያዩ መለያዎች እንደ አንድ እየታዩ ነው።

ሦስት መለያ በአንድ አካውንት

የመጀመሪያው ከፎቶው አጠገብ ጎልቶ የሚታየው የፕሮፋይል ስም ነው። በግዕዝ ፊደልም በላቲንም ሊጻፍ ይችላል። ከሌላ ሰው ስም ጋር አንድ ቢሆንም ሲስተሙ አይከለክልም፤ በአንድ ስም የሚጠሩ ሺህ ፕሮፋይሎች ጎን ለጎን ሊኖሩ ይችላሉ። ስለዚህ ስሙ ብቻውን ማንነትን አያረጋግጥም።

ሁለተኛው ከ@ ምልክት ቀጥሎ የሚመጣው ዩዘርኔም ነው። በአንድ መተግበሪያ ውስጥ አንድ ዩዘርኔም የሚይዘው አንድ አካውንት ብቻ ነው፤ የገጹ ሊንክም የሚሠራው ከእሱ ነው። በቴሌግራም፣ በኢንስታግራም፣ በቲክቶክና በኤክስ (በቀድሞው ትዊተር) የሚጻፈው በላቲን ፊደልና በቁጥር ሲሆን ከምልክቶች የታች ሰረዝ፣ በኢንስታግራምና በቲክቶክ ደግሞ ነጥብም ይፈቀዳል። ቴሌግራም ከ5 ፊደል ያላነሰ ይፈልጋል፤ ኤክስ ከ15 በላይ አይቀበልም፤ ኢንስታግራም እስከ 30 ይፈቅዳል።

ሦስተኛው አብዛኛው ተጠቃሚ የማያየው መለያ ቁጥር ነው። አካውንቱ በተከፈተበት ዕለት ይሰጣል፣ እስኪዘጋም አይለወጥም። ተከታዮች፣ የውስጥ መልእክቶችና የቆዩ ጽሑፎች የታሰሩት ከዚህ ቁጥር ጋር ነው። ስምም ዩዘርኔምም ተቀይሮ አንድም ተከታይ የማይጎድለው በዚህ ምክንያት ነው። ቁጥሩ አልፎ አልፎ ይታያል፤ ዩዘርኔም ያላወጣ የፌስቡክ ፕሮፋይል ሊንክ መጨረሻው ላይ ረጅም ቁጥር ይይዛል። የዩቲዩብ ቻናልም ዩ እና ሲ በሚባሉት ፊደላት የሚጀምር፣ በጠቅላላው 24 ፊደልና ቁጥር ያለው የማይለወጥ መለያ አለው።

መለያዎቹ አንዱ ካንዱ እንደሚነጠሉ በግልጽ የታየው በአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች የሥራ አካውንት ርክክብ ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. ባራክ ኦባማ ሥልጣን ሲለቁ «ፖተስ» (የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሚለው የእንግሊዝኛ ምህጻረ ቃል) የሚለው የትዊተር ዩዘርኔም ለተተኪያቸው ተላለፈ። ኦባማ የጻፏቸው መልእክቶች ግን 44 ቁጥር ወደተጨመረበት ሌላ ዩዘርኔም ተዛውረው በማኅደርነት ተቀመጡ። በ2021 እ.ኤ.አ. ጆ ባይደን ሲረከቡ ደግሞ ዩዘርኔሙ ተሰጣቸው እንጂ የነበሩት ተከታዮች አብረው አልተላለፉላቸውም።

እያንዳንዱ መተግበሪያ የሚያስቀምጠው ገደብ

ፌስቡክ ጥብቁ ነው። የፕሮፋይል ስም አንዴ ከተቀየረ ለ60 ቀናት ተመልሶ አይነካም። ቁጥር፣ የማዕረግ መጠሪያና ምልክት አይቀበልም፤ የሁለት ቋንቋ ፊደላትንም በአንድ ስም ውስጥ መቀላቀል ይከለክላል። ስሙን በአማርኛና በእንግሊዝኛ አጠጋግቶ ለመጻፍ የሞከረ ሰው ስሙ የሚመለስበት ለዚህ ነው። መፍትሔው ዋናውን ስም በአንዱ ፊደል ጽፎ ሌላውን «አዘር ኔምስ» በሚለው ክፍል ውስጥ መጨመር ነው። መቀየሪያው ሴቲንግስ ውስጥ «አካውንትስ ሴንተር» በሚለው ሥር «ፕሮፋይልስ»፣ ቀጥሎ «ኔም» ነው፤ መጨረሻ ላይ የይለፍ ቃል ሊጠይቅ ይችላል።

ኢንስታግራም የፕሮፋይል ስምን በ14 ቀናት ውስጥ ሁለት ጊዜ እንዲቀየር ይፈቅዳል። ዩዘርኔም የቀየረ ሰው ቢጸጸት በአብዛኛው እስከ 14 ቀን ድረስ ወደ ቀድሞው መመለስ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ግን ዋስትና የለውም። ቲክቶክ ዩዘርኔምን በ30 ቀን አንዴ፣ የሚታየውን ስም ደግሞ በ7 ቀን አንዴ ያስቀይራል። ዩቲዩብ ከጥቅምት 2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለየቻናሉ የ@ መለያ ሰጥቷል። ይህ መለያ ሲቀየር የድሮው ለ14 ቀናት ይጠበቃል፣ በእነዚያ ቀናትም ሁለቱም ሊንኮች ይሠራሉ። ዩቲዩብ ላይ ግን መታወቅ ያለበት ነገር አለ፤ የማረጋገጫ ምልክት ያለው ቻናል ስሙን ከቀየረ ምልክቱን ያጣል፣ የ@ መለያውን ብቻ ከቀየረ ግን አያጣም። ኤክስም ስም፣ ዩዘርኔም ወይም ፎቶ ሲቀየር ሰማያዊውን ምልክት ዳግም እስኪያጣራ ለጊዜው ያነሣል።

ቴሌግራም ከሁሉም ልቅ ነው። ስምን በየሰዓቱ መቀየር ይቻላል። በስልኩ መዝግቦ የያዘው ሰው የሚያየው ግን ራሱ የመዘገበውን ስም ነው፤ «ስሜን ቀየርኩ፣ ጓደኞቼ ግን አልታያቸውም» የሚለው ቅሬታ የሚመጣው ከዚህ ነው። የቻናል ስም ሲለወጥ በጽሑፎቹ መሃል ለውጡን የሚገልጽ አጭር መስመር ይወጣል። አድሚኑ ያንን መስመር ሊሰርዘው ስለሚችል አለመኖሩ ስሙ አለመቀየሩን አያሳይም።

የተተወው ዩዘርኔም

ጉዳቱ ሁሉ የሚበዛው እዚህ ላይ ነው። ሰው ዩዘርኔሙን ሲቀይር የድሮው አብሮት የሚሄድ ይመስለዋል። እንደ እውነቱ ግን የድሮው ወዲያው ወይም የጥበቃ ቀናት ካሉት ከእነዚያ በኋላ ይለቀቃል፤ የተለቀቀውን ቀድሞ የጠየቀ ይወስደዋል። አሮጌው ሊንክ በቢዝነስ ካርድ፣ በሱቅ ባነር፣ በታክሲ ጀርባ፣ በሌሎች ቻናሎች የቆየ ማስታወቂያና በጎግል ውጤቶች ላይ ታትሞ ቀርቷል። ያንን ዩዘርኔም የያዘ አዲስ ሰው ባለቤቱ ለዓመታት የገነባውን መግቢያ በነጻ ይረከባል። ፎቶውንና ስሙን ከቀዳ ደግሞ ደንበኛው የሚጠራጠርበት ምክንያት አይኖረውም፤ ሊንኩ ትናንት የሠራለት ያው ሊንክ ነውና።

ዩዘርኔም ገበያ ያለው ዕቃ ነው። ቴሌግራም በ2022 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ፍራግመንት በተባለ መድረክ ዩዘርኔሞችን ቶንኮይን በተባለው ክሪፕቶ በጨረታ መሸጥ ጀመረ፤ ባለ 4 ፊደል ስሞችም በዚያ በኩል ይገኛሉ። ከዚያ በፊትም ጥቁር ገበያው ነበር። በሐምሌ 2020 እ.ኤ.አ. የባራክ ኦባማና የኢሎን መስክ አካውንቶች የቢትኮይን ማጭበርበሪያ የለጠፉበት የትዊተር ጠለፋ የተጀመረው አጫጭርና ቆየት ያሉ ዩዘርኔሞችን ነጥቆ ለመሸጥ ነበር። መተግበሪያው ራሱ የሚወስድበት ጊዜም አለ፤ ትዊተር በ2023 እ.ኤ.አ. ስሙን ወደ ኤክስ ሲለውጥ ባለ አንድ ፊደሉ ዩዘርኔም ለዓመታት ሲጠቀምበት ከነበረ ፎቶግራፍ አንሺ ተወስዷል። የመተግበሪያዎቹ የአጠቃቀም ውሎች በአብዛኛው ዩዘርኔሙን የተጠቃሚው ንብረት አድርገው አያዩትም፤ ይህ በእኛ ዘንድ በደንብ የሚታወቅ አይመስለኝም።

በቴሌግራም ላይ ለዚህ የሚሆን ቀላል መከላከያ አለ። አንድ ሰው እስከ 10 የሕዝብ ቻናልና ግሩፕ ሊንክ መያዝ ይችላል፣ ፕሪሚየም ከሆነ እስከ 20። ባዶ የግል ቻናል አስቀድሞ ከፍቶ፣ ዋናው ቻናል ዩዘርኔሙን በለቀቀ ቅጽበት ባዶውን ቻናል «ፐብሊክ» አድርጎ አሮጌውን ዩዘርኔም መስጠት ነው። እዚያ ውስጥ «አዲሱ አድራሻችን ይህ ነው» የሚል አንድ ጽሑፍ ይቀመጣል። የሚበላሸው በመካከል ባለው ክፍተት ነው፤ አዲሱን ስም በትልልቅ ቻናሎች አስተዋውቆ ሲያበቃ አሮጌውን ለመያዝ የሚሄድ ሰው ብዙ ጊዜ ተቀድሞ ይደርሳል። በኢንስታግራምና በቲክቶክም በሌላ ኢሜይል ሁለተኛ አካውንት ከፍቶ አሮጌውን መያዝ ይቻላል። አንዳንዴ ሲስተሙ የተለቀቀውን ስም ወዲያው ስለማይሰጥ ለተወሰኑ ቀናት እየተመለሱ መሞከር ያስፈልጋል።

አስመሳዩ የሚገባባቸው ቀዳዳዎች

በቴሌግራም የንግድና የምንዛሪ ግሩፖች ውስጥ ደጋግሞ የሚሠራ አንድ ዘዴ አለ። አጭበርባሪው የአድሚኑን ፎቶና ስም ይወስዳል፤ የራሱን ዩዘርኔም ባዶ ያደርገዋል፤ ከዚያ «ባዮ» በሚለው መስመር ላይ የአድሚኑን ትክክለኛ ዩዘርኔም ከ@ ምልክቱ ጋር ይጽፋል። ፕሮፋይሉን የከፈተ ሰው ትክክለኛውን ዩዘርኔም በዓይኑ ያያል። ነገር ግን ያየው ባዮው ላይ የተጻፈ ተራ ጽሑፍ ነው። መለየት የሚቻለው ከጽሑፉ ሥር ያለውን ትንሽ መግለጫ በማንበብ ነው፤ «ዩዘርኔም» ይላል ወይስ «ባዮ» ይላል? ሌላው አስተማማኝ መንገድ ጽሑፉን ተጭኖ ወዴት እንደሚወስድ ማየት ነው። ባዮው ላይ ያለው ወደ እውነተኛው አድሚን ይወስዳል፤ እሱ ጋር ሲገባ የተጀመረው ውይይት እዚያ ከሌለ ሲያወራ የነበረው ሌላ ሰው ነው።

ሁለተኛው ዘዴ በላቲን ፊደል መመሳሰል ላይ የቆመ ነው። ትልቁ «አይ» እና ትንሹ «ኤል» በስልክ ስክሪን ላይ አንድ ዓይነት ቀጥ ያለ መስመር ናቸው። ድርብ የታች ሰረዝም አንድ ረዘም ያለ ሰረዝ መስሎ ያልፋል። የታየውን ዩዘርኔም በራስ እጅ በትንንሽ ፊደል ፍለጋው ላይ ጽፎ ማየት ይህን ያጋልጣል።

በአማርኛ ስሞች ላይ ግን አስመሳዩ ይህን ያህል መድከም አይኖርበትም። የአማርኛን ስም በላቲን ለመጻፍ ሁሉም የተስማማበት አንድ ደንብ የለም፤ «ቀ»ን አንዱ በ«ኬ» ሌላው በ«ኪው» ይጽፋታል፣ «ኘ»ን አንዱ በ«ኤን» እና «ዋይ» ሌላው በ«ጂ» እና «ኤን»፣ «ጸ»ን አንዱ በ«ቲ» እና «ኤስ» ሌላው በ«ኤስ» ብቻ። ባለቤቱ አንዱን ከያዘ ሌላው ክፍት ነው፣ ለአንባቢም ሁለቱም ትክክል ናቸው። በግዕዝ ፊደል በሚጻፈው የፕሮፋይል ስም ላይም እንዲሁ፣ «ፀሐይ»፣ «ጸሐይ» እና «ጸሀይ» ለአንባቢ አንድ፣ ለኮምፒውተር ሦስት ናቸው። ስለዚህ ስሙ የሚታወቅ ድርጅት ወይም ሰው ቢያንስ ሁለቱን የተለመዱ የላቲን አጻጻፎች መያዙ ብክነት ተብሎ አይቆጠርም።

የማረጋገጫ ምልክትም ብቻውን አያድንም። በኅዳር 2022 እ.ኤ.አ. ትዊተር ሰማያዊውን ምልክት በክፍያ መስጠት በጀመረ በቀናት ውስጥ የመድኃኒት አምራቹን የኢላይ ሊሊን ስምና አርማ የቀዳ አካውንት «ኢንሱሊን በነጻ ሆኗል» ብሎ ጻፈ። ምልክቱ ነበረው፤ ልዩነቱ ዩዘርኔሙ ላይ ብቻ ነበር። ኩባንያው ወጥቶ ለማስተባበል ተገዷል።

ገንዘብ ለሚልክ ሰው የመጨረሻው ማጣሪያ ከመተግበሪያው ውጭ ነው፤ ቴሌብር ወይም ባንኩ ከማጽደቅ በፊት የሚያሳየው የተቀባይ ስም ከሚታወቀው ሰው ስም ጋር ካልገጠመ «የወንድሜ አካውንት ነው» የሚለው ማብራሪያ መቀበል የለበትም።

ተጠልፎ ነው ወይስ ተሸጦ?

ድንገት መልኩን የቀየረ ገጽ ሲታይ ከመገመት ይልቅ ታሪኩን ማየት ይቻላል። በፌስቡክ ገጽ ላይ «አባውት» ከዚያ «ፔጅ ትራንስፓረንሲ» የሚለውን መክፈት የገጹን የትውልድ ቀንና የቀድሞ ስሞቹን ከነቀናቸው ያሳያል፤ ሰፊ ተደራሽነት ላላቸው ገጾች አስተዳዳሪዎቹ ያሉበትን አገርም ይጨምራል። ኢንስታግራም ከዩዘርኔሙ ወይም ከሦስቱ ነጥቦች በሚገኘው «አባውት ዚስ አካውንት» ውስጥ የተከፈተበትን ጊዜና ቀድሞ የነበሩትን ዩዘርኔሞች ብዛት ይገልጻል። ኤክስም በኅዳር 2025 እ.ኤ.አ. ዩዘርኔም ስንት ጊዜ እንደተቀየረና አካውንቱ ከየት አገር እንደሚንቀሳቀስ ማሳየት ጀምሯል። ቴሌግራም ለማይታወቅ ሰው የመጀመሪያ መልእክት የስልኩን አገርና አካውንቱ የተከፈተበትን ወር ያሳያል፤ ለቻናሎች ግን የስም ታሪክ መዝገብ የለውም። ቴሌግራም በአገራችን ካለው ስፋት አንጻር ይህ ትልቅ ጉድለት ነው።

ለመገመት የሚረዳ አንድ ነገር ግን አለ። የቴሌግራም ቻናል ባለቤትነትን ለሌላ ለማስተላለፍ ባለቤቱ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫን ቢያንስ ከ7 ቀን በፊት ማብራት፣ ከሚጠቀምበት ስልክ ላይም ከ24 ሰዓት በላይ ገብቶ መቆየት አለበት። ስለዚህ አካውንት የነጠቀ ሰው ስሙንና ዩዘርኔሙን በደቂቃ ሊቀይር ቢችልም ቻናሉን ወዲያው የራሱ ማድረግ ይቸገራል። ቀድሞ የነበሩት አድሚኖች ካሉና ዝም ካሉ፣ አዲሱም ይዘት ለሳምንታት ያለ ተቃውሞ ከቀጠለ ሽያጭ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው።

ገጽ የሚገዛ ሰው የሚገዛው ተከታዮቹን ነው፤ ከተከታዮቹ ጋር ግን ተጠያቂነትም ይመጣል። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ አካውንት የተሰራጨ ሐሰተኛ መረጃን ከተራው ለይቶ ያያል፤ የእስራት ጣሪያው ከአንድ ወደ ሦስት ዓመት፣ መቀጮውም ከ50,000 ወደ 100,000 ብር ያድጋል። ተከታዮቹ የተሰበሰቡት በምግብ አሠራር ቪዲዮ ነው ማለት ቁጥሩን አይቀንሰውም።

ስም የመቀየር ነጻነትና ገደቡ

ገደቡ ይጥበቅ የሚሉ ወገኖች መከራከሪያቸው ግልጽ ነው። አንድ ገጽ ጥላቻ ነዝቶ ስሙን ቀይሮ መቀጠል ከቻለ ተከታዩም ሕግም ይታለላሉ። ይላላ የሚሉት ደግሞ ሰው ስሙን የሚቀይረው በጋብቻ፣ በሃይማኖት፣ ከሚያሳድደው ሰው ለመሸሽ ወይም ለደኅንነቱ ሲል እንደሆነ ያነሣሉ። በተለይ ዓረብ አገር በቤት ሠራተኝነት ያሉ ብዙ እህቶች አሠሪ እንዳያገኛቸው በሌላ ስም ፕሮፋይል መክፈታቸው ሊፈረድበት አይገባም።

ደቡብ ኮሪያ በ2007 እ.ኤ.አ. በትልልቅ ድረ ገጾች ላይ አስተያየት የሚጽፍ ሁሉ በእውነተኛ ስሙ እንዲመዘገብ አስገድዳ ነበር። በ2012 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ሕጉ ሐሳብን የመግለጽ ነጻነትን ይጋፋል፣ ሕገ ወጥ ይዘትንም ለመቀነሱ በቂ ማስረጃ የለም ብሎ ሻረው። በእኔ ግምት ሚዛኑ ያለው የስም ለውጥን በመከልከል ላይ ሳይሆን ሰፊ ተከታይ ያላቸው ገጾችና ቻናሎች የቀድሞ ስማቸው ለሁሉም እንዲታይ በማስገደድ ላይ ነው። የግለሰብ ፕሮፋይል ታሪክ ግን ለአሳዳጅ መንገድ ስለሚከፍት ተመሳሳይ ግዴታ ሊጫንበት አይገባም።

በብዕር ስም የሚጠቀም ሰው አንድ ዋጋ እንዳለው ማወቅ አለበት። «የማርያም ልጅ» ወይም «የሀገሬ ልጅ» የሚል ፕሮፋይል በፌስቡክ ሲቆለፍ መተግበሪያው መታወቂያ ይጠይቃል፤ በመታወቂያው ላይ ያለው ስም ከፕሮፋይሉ ጋር ካልገጠመ አካውንቱን ማስመለስ እጅግ ይከብዳል። የልደት ቀኑን በትክክል መሙላት በዚህ ጊዜ አንድ ተጨማሪ ማስረጃ ይሆናል። ትክክለኛ ስሙን በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው የፋይዳ መታወቂያ ስምን በሁለቱም ፊደል መያዙ ይጠቅመዋል።

ለመቀየር የወሰነ ሰው

ቅደም ተከተሉ ነገሩን ይወስነዋል። መጀመሪያ አዲሱ ዩዘርኔም በሚጠቀሙባቸው መተግበሪያዎች ሁሉ ክፍት መሆኑ ይታያል፤ በአንዱ ተይዞ በሌላው መቀየር ደንበኛን በሁለት ስም ይበትናል። ቀጥሎ ለውጡ ከመደረጉ ከሳምንት በፊት በድሮው ስም «ከዚህ ቀን ጀምሮ ስማችን ይህ ይሆናል» የሚል ማስታወቂያ ይለጠፋል፣ በላይኛው ክፍል ይሰካል። ከለውጡ በኋላ የሚወጣ ማስታወቂያ ከጠላፊ ጽሑፍ አይለይምና። ከዚያ ዩዘርኔሙ ይቀየራል፣ አሮጌው በዚያው ደቂቃ ይያዛል። የፕሮፋይል ፎቶ በዚያ ቀን አይነካ፤ ስምም ፎቶም በአንዴ ሲለወጥ ተከታይ ገጹን ሳያውቀው ይለቃል። በመጨረሻ በሌሎች ባዮዎች፣ በጎግል ማፕ፣ በድረ ገጽና በዩቲዩብ መግለጫዎች ላይ የተቀመጡ ሊንኮች አንድ በአንድ ይስተካከላሉ፤ የታተመ የኪውአር ኮድም ዩዘርኔሙን ስለሚይዝ እንደገና መሠራት አለበት።

በላቲን የሚጻፈው ዩዘርኔም አጭር ሲሆን፣ በኢንስታግራምና በቲክቶክ የፕሮፋይል ስሙ መስመር ላይ ስሙን በአማርኛ መጻፍ በአማርኛ የሚፈልጉ ሰዎች እንዲያገኙት ይረዳል።

የሚፈለገው ዩዘርኔም በቴሌግራም ላይ በሌላ ሰው ከተያዘ አንድ መንገድ ይቀራል። ቴሌግራም ጠያቂው ያንኑ ዩዘርኔም ከፌስቡክ፣ ከኢንስታግራምና ከትዊተር ቢያንስ በሁለቱ ላይ መያዙን ካሳየ ጥያቄውን በራሱ ቦት በኩል ተቀብሎ ይመለከታል። ስለዚህ አዲስ ስም ያወጣ ድርጅት በኤክስ ላይ አንድም ጽሑፍ ለመጻፍ ባያስብ እንኳ ዩዘርኔሙን እዚያም ቀድሞ መያዙ ይጠቅመዋል።